ቲ ኤስ ኤች ምን እያለ ነው?

የአንዲት ሴትን የታይሮይድ ምርመራ ውጤት የፈረምኩት እኔ ነኝ። ቲ ኤስ ኤች 0.01፣ ፍሪ ቲ ፎር 58። በእኛ ማሽን የጤነኛ ሰው ቲ ኤስ ኤች ከ0.27 እስከ 4.2፣ ፍሪ ቲ ፎር ደግሞ ከ12 እስከ 22 ነው። ጠዋት ማሽኑን ለመፈተሽ የሠራሁት ኮንትሮል ልክ ነበር። ናሙናው አልተበላሸም፤ ስሙና መለያ ቁጥሩም ከብልቃጡ ጋር ይመሳሰላል። ለጥንቃቄ ብዬ ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ፈርሜ ላክሁት።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ደወለልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በላቦራቶሪ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ውጤት አይቶ ስልክ የሚያነሳ ሐኪም ብዙ አላጋጠመኝም፣ ለሚያነሱት ግን ትልቅ አክብሮት አለኝ። «በወረቀቱ ከሆነ ይህቺ ሴት ልቧ እየጋለበ፣ ላብ እያጠመቃት፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ መምጣት ነበረባት» አለኝ። «እኔ ፊት የተቀመጠችው ግን የልብ ምቷ 66 ነው። እጇን አዘርግቼ ወረቀት አስቀመጥኩበት፤ ንቅንቅ አላለም። ክብደቷም ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። መድኃኒት ልጽፍላት ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።»

ይህን የምጽፈው ስለዚያ እምቢ ስላለ እጅ ነው። በመስኮታችን በኩል ወረቀታቸውን ተቀብለው የሚሄዱ ሰዎች ቀስት የተደረገበትን ቁጥር በስልካቸው ፎቶ አንስተው ለዘመድ ሲልኩ በየቀኑ አያለሁ። ለቅሶ የጀመረችም አይቻለሁ። ቁጥሩ ከማን ደም፣ በምን ሰዓት፣ ምን ተውጦ እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ታይሮይድ ከማንቁርታችን ዝቅ ብላ፣ የአየር ቧንቧውን ከፊት አቅፋ የተቀመጠች፣ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ ናት። ክብደቷ ሃያ ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ዕጢ ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ በቋንቋችን ለበሽታውም ለጤነኛው አካልም የምንጠቀምበት አንድ ስም ስለሆነ ነው። ይህቺኛዋ እንደ ምራቅ ዕጢ ሁላችንም ይዘናት የምንወለዳት ናት። «ታይሮይድ አለብኝ» ብለው ለሚመጡ እናቶች «እኔም አለችኝ እማማ፤ አሁን የምናየው የእርስዎ እንዴት እየሠራች እንደሆነ ነው» እላቸዋለሁ።

የምታመርታቸው ሆርሞኖች ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ ቲ ፎርና ቲ ስሪ። አራትና ሦስት የተባሉት በውስጣቸው በያዙት የአዮዲን ብዛት ነው። ሰውነታችን የበላነውን በምን ፍጥነት እንደሚያቃጥል የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። ሲያንሱ ሰውዬው ይበርደዋል፣ ይደክመዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ፊቱ ያብጣል፣ ነገር ይረሳል። ሲበዙ በልቶ ይከሳል፣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል።

ቲ ኤስ ኤች ግን ከታይሮይድ የሚወጣ አይደለም። የሚወጣው ከአንጎላችን ሥር ካለችው፣ የሽንብራ ፍሬ ከምታክለው ፒቱታሪ ከምትባል ዕጢ ነው። ሥራው መጥራት ነው። እናት ቡና አፍልታ ጎረቤቷን በአጥር ላይ ስትጣራ አስቡ። ጎረቤት ቶሎ ከመጣች አንዴ ተጣርታ ዝም ትላለች። ከዘገየች ድምጿን ታጎላለች፤ ጨርሶ ካልመጣች ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ትጮኻለች። ጎረቤት ሳትጠራ መጥታ ከረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ካለች ደግሞ ምን ብላ ትጣራለች? ቲ ኤስ ኤች ያ ጥሪ ነው። ታይሮይድ ስትሰንፍ ጥሪው ይጮኻል፤ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ታይሮይድ ሳትጠራ ሆርሞን ስታፈስ ጥሪው ይጠፋል፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። «ቲ ኤስ ኤቼ ከፍ ብሏል፣ ታይሮይዴ በዛ ማለት ነው?» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ነገሩን የሚገለብጡት ስለዚህ ነው። ከፍ ያለው ጥሪው ነው፤ መጪዋ አልመጣችም።

ሐኪሞች በመጀመሪያ ቲ ኤስ ኤች የሚያዙበት ምክንያት አላቸው። ጥሪው ለትንሽ ለውጥም እጅግ ስሱ ነው። በደም ውስጥ ያለው ፍሪ ቲ ፎር በግማሽ ሲቀንስ ቲ ኤስ ኤች እስከ መቶ እጥፍ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ቲ ፎር ገና በጤነኛው ልክ ውስጥ እያለ ጥሪው ችግሩን ቀድሞ ያወራል። «ፍሪ» የሚባለው ደግሞ ፕሮቲን ላይ ሳይጣበቅ ነጻ ሆኖ የሚዞረው ነው፤ ከጠቅላላው ቲ ፎር ከአሥር ሺህ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ሥራ የሚሠራው ግን እሱ ነው።

ይህን ያህል ጥቂት ነገር መለካት መቻሉ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። በድሮ ጊዜ በሽተኛው ሳይበላ አስተኝተው የሚተነፍሰውን አየር በመሣሪያ እየለኩ ሰውነቱ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ይገምቱ ነበር። ሮዛሊን ያሎው የምትባል የፊዚክስ ባለሙያ ከሐኪሙ ሰሎሞን በርሰን ጋር በኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ሆርሞንን በፀረ እንግዳ አካል እየያዙ የመለካትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አወጡ። እሷ በ1977 ኖቤል ስትሸለም እሱ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ዛሬ እኔ የምሠራበት ማሽን የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው፤ ሴትየዋን ሊያሳስትብኝ የደረሰውም በዚሁ አሠራሩ ነው።

ሐኪሙ ስልኩን ሲዘጋ እሷ ጋ ደወልኩ። «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ስላት «ምንም የለም ሲስተር» አለች። ቫይታሚንስ? ዝም ብላ ቆየችና «እህቴ ከቨርጂኒያ የላከችልኝ የፀጉር አለ፤ እሱም ይቆጠራል?» አለችኝ። ከወለደች በኋላ ፀጉሯ በማበጠሪያ እየወጣ አስጨንቋት ነበር። የዕቃውን ጀርባ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ባዮቲን፣ 10,000 ማይክሮግራም። አንድ ሰው በቀን የሚበቃው 30 ነው።

ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ። ቲ ኤስ ኤችን ስንለካ ሁለት ፀረ እንግዳ አካሎች ሆርሞኑን ከሁለት ወገን ይይዙታል። አንደኛው መብራት የሚሰጥ ነገር ተሸክሟል። ሌላኛው ባዮቲን ተሸክሟል፤ ይህም ማሽኑ ውስጥ ባሉ ደቃቅ የማግኔት ቅንጣቶች ላይ የሚጣበቅበት ማንጠልጠያ ነው። ማግኔቱ ይይዛቸዋል፣ የቀረው ይታጠባል፣ ከዚያ መብራቱ ይለካል። ብዙ ብርሃን ካለ ብዙ ቲ ኤስ ኤች አለ ማለት ነው። የዚያች ሴት ደም ግን ራሱ በባዮቲን ተሞልቶ ነበር። ከእንክብሉ የመጣው ባዮቲን ቅንጣቶቹ ላይ ያለውን ቦታ ሁሉ ቀድሞ ያዘ፤ ሆርሞኑን የተሸከመው ቦታ አጥቶ ከእጣቢው ጋር ሄደ። ብርሃኑ ደበዘዘ፣ ማሽኑም «ቲ ኤስ ኤች የለም» አለ። በፍሪ ቲ ፎር ላይ ስሌቱ ተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ትንሽ ብርሃን ማለት ብዙ ሆርሞን ማለት ነው። ስለዚህ ያው የደበዘዘ ብርሃን አንዱን ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ አድርጎ አወጣው። ሁለቱ ውሸቶች አንድ ላይ ሲቆሙ ታይሮይዷ የበዛባትን ሴት ቁልጭ አድርገው ይሥላሉ።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ባዮቲን የላቦራቶሪ ውጤት እንደሚያዛባ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያውን አንብቤዋለሁ። እሷን ግን አልጠየቅኋትም። የምርመራ ማዘዣው ላይም «የምትወስዱት ቫይታሚን አለ?» የሚል መስመር አልነበረም። ሁሉም ማሽን በዚህ አይሳሳትም፤ በሌላ መንገድ የሚሠሩ አሉ። ታካሚው ግን የትኛው ማሽን እንደሚጠብቀው ስለማያውቅ፣ የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን የሚውጥ ሰው ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ቢያቆምና ለሚቀዳው ባለሙያ ቢናገር ይሻላል። እሷ አንድ ሳምንት አቁማ ተመለሰች። ቲ ኤስ ኤች 2.4፣ ፍሪ ቲ ፎር 16። እኔ ወንበሩ ላይ የማስቀምጠውን ሰው ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክንዱን ከማሰሬ በፊት እጠይቃለሁ።

ስለ እናቴም ልናገር። ያደገችው ጎጃም ደጋ ነው፤ ዝናብ የአፈሩን አዮዲን ጠርጎ በወሰደበት አገር። አንገቷ ዙሪያ ያለው ንቅሳት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ እንቅርቱን ያሳንሳል ተብሎ በልጅነቷ የተወጋ ነው። እዚያ ሰፈር እንቅርት የሌለባት ሴት ማግኘት ይከብድ ነበር። ከተማ አምጥቼ መጀመሪያ ደሟን ስመረምር ቲ ኤስ ኤቿ 1.1 ነበር፣ ፍጹም ደህና። ሰው ይህን ሲሰማ ግራ ይገባዋል፤ አንገት እንዲህ አብጦ ደሙ እንዴት ደህና ይሆናል? የደም ምርመራው የሚለካው ሥራዋን እንጂ መጠኗን አይደለም። አዮዲን ያጣች ታይሮይድ ባላት ትንሽ ነገር ቤት ለመምራት እንደምትታገል ባለትዳር ናት፤ ራሷን አስፍታ የሚፈለገውን ታመርታለች። ያበጠውን ለማየት አልትራሳውንድ፣ የሚያጠራጥር እባጭ ካለ ደግሞ በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና ያስፈልጋል። ደሙ ደህና ነው ተብሎ እባጩ አይተውም።

ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከአፋር የሚወጣው ጨው ተለውጦ ሲመጣ ለሕፃናቱ ትልቅ በረከት ሆነ። ለዘመናት አዮዲን ተርበው ያበጡና በውስጣቸው እባጭ ያበጁ የአረጋውያን ዕጢዎች ግን አንዳንዴ አዮዲን ሲያገኙ ጥሪ መስማት ትተው በራሳቸው ማምረት ይጀምራሉ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። ጨው መተው ግን መፍትሔው አይደለም፤ የልጅ ልጆቻቸው አንጎል የሚያድገው በዚያው አዮዲን ነው። እናቴ በ71 ዓመቷ ቲ ኤስ ኤቿ 0.08 ሆኖ መጣ፤ ፍሪ ቲ ፎሯ 18፣ ማለትም በልኩ። ሦስት ወር ቆይተን ደገምነው፤ አልተለወጠም። ምንም አልተሰማትም። በዚህ ዕድሜ ግን ጥሪው ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ ልብ ምቱን ያዛባል፣ አጥንትም ይሳሳል። ከሐኪሟ ጋር እየተከታተልናት ነው። እሑድ እሑድ እጇን ይዤ የልብ ምቷን እቆጥራለሁ፤ የጨዋታ ሰበብ መስሏት ታወራኛለች።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር መለኪያው ነው። አንድ አባት ሁለት ወረቀት ይዘው ገቡ፤ በመጋቢት በአንድ ላቦራቶሪ ፍሪ ቲ ፎር 1.2፣ በግንቦት በእኛ ዘንድ 15.4። «ልጄ፣ በሁለት ወር አሥራ ሦስት እጥፍ!» አሉኝ። አንዱ በናኖግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በፒኮሞል በሊትር ነው የጻፈው። የመጀመሪያውን በ12.87 ብታባዙት ሁለተኛውን ይሰጣችኋል። ጤፍን በጣሳና በኪሎ እንደ መለካት ነው። አንዲት ቅንጣት አልተለወጠም። ስለዚህ ቁጥር ከቁጥር ከማወዳደራችሁ በፊት ከጎኑ የተጻፈውን መለኪያና የዚያን ላቦራቶሪ የጤነኛ ልክ ተመልከቱ፤ ከተቻለም ክትትሉን በአንድ ቦታ አድርጉት። ልኩ ራሱ የወጣው ጤነኛ ሰዎችን መርምሮ መሃል ላይ ካሉት ዘጠና አምስት ከመቶው ነው፤ ከመቶ ጤነኛ ሰው አምስቱ ያለ አንዳች በሽታ ከልኩ ውጭ ይገኛል። ቲ ኤስ ኤች 5 ወይም 6 ሆኖ ፍሪ ቲ ፎር ደህና ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ካልሆኑ በቀር፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ጠብቆ መድገም ነው። ብዙው ራሱ ይመለሳል። ከ10 ካለፈ ጉዳዩ ሌላ ነው።

እርጉዝ ሴት ለብቻዋ ትታያለች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝናው ሆርሞን ራሱ ታይሮይድን ስለሚቀሰቅስ ጥሪው ዝቅ ይላል፤ ያ በሽታ አይደለም። በከባድ ሕመም ሆስፒታል የተኛ ሰው ቁጥርም ይዘበራረቃል፤ የሚያስገድድ ምልክት ከሌለ እስኪያገግም መጠበቅ ይሻላል።

ታይሮይዳቸው ሰንፎ እንክብል የሚወስዱትን በተመለከተ ልቤን የሚያሳዝነው ነገር አለ። የታይሮክሲን እንክብል የሚወሰደው በባዶ ሆድ፣ በውሃ፣ ቁርስ ሊቀርብ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። እኛ አገር ጠዋት ማለት ቡና ማለት ነው፤ እንክብሉን ከቡና ጋር የሚውጡ ብዙ ሴቶች አሉ፣ ቡናው ደግሞ መድኃኒቱ በደንብ እንዳይሰርጽ ያደርጋል። የብረትና የካልሲየም እንክብል አራት ሰዓት ይራቁት። ሌላው፣ መድኃኒቱ ከገበያ ጠፍቶ ወይም ገንዘብ አጥሮ ሁለት ወር ያቋረጠች ሴት ለምርመራ ስትቀርብ እንዳትወቀስ ብላ በመጨረሻው ሳምንት ብቻ ትውጣለች። ቲ ፎሯ ደህና ሆኖ ይመጣል፤ ቲ ኤስ ኤቿ 30። ጥሪው ለመረጋጋት ስድስት ሳምንት ያህል ይፈልጋልና ያለፈውን ሁሉ ይናገራል። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ መጠኑን ይጨምርባታል። እባካችሁ ስታቋርጡ አቋረጥኩ በሉ፤ ሐኪሙም ሳይቆጣ ይጠይቅ። በምርመራው ጠዋት ደግሞ ደም ከተሰጠ በኋላ ቢዋጥ ይመረጣል። ለእነዚህ ምርመራዎች መጾም ግን የግድ አይደለም። ጥሪው ሌሊት ከፍ፣ ከቀትር በኋላ ዝቅ ስለሚል በየጊዜው በተቀራራቢ ሰዓት መምጣቱ ይበልጣል።

ባለፈው ክረምት ከሰላሌ የመጣች የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነበረች። ባሏና አማቷ ደግፈዋት ነው የገቡት። ስድስት ዓመት ሙሉ ይበርዳታል፤ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ትደርባለች። ቅንድቧ ሳስቷል። ከአንድ ዓመት በፊት ሌላ ቦታ ቲ ኤስ ኤች ብቻ ተሠርቶላት 2.6 ስለ ነበር «ታይሮይድሽ ደህና ነው» ተብላለች። ቁጥሩ ስሕተት አልነበረበትም፤ እኛም ስንሠራው 2.3 ነው። ፍሪ ቲ ፎሩ ግን 5.8 ወጣ። ከልኩ ግማሽ አይሞላም። እንዲህ ባለ ጊዜ ጥሪው ሰማይ መድረስ ነበረበት፤ እንደ ወትሮው ሆኖ መቀመጡ ነው በሽታው። ጎረቤት ቤቷ ተኝታለች፤ ጠሪዋ ደግሞ ድምጿ ተዘግቷል።

ለሐኪሟ ደወልኩ። እሱም አማቷን ጠየቃቸው፤ የመጨረሻ ወሊዷ እንዴት ነበር? «ቤት ነው የወለደችው። ደሙ አልቆም ብሎ ሞተች ብለን አልቅሰናል» አሉ እሳቸው። «ከዚያ ወዲያ ወተቷ አልወረደም። ልጁን በላም ወተት ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አበባዋም አልተመለሰ።» በወሊድ ጊዜ ከባድ ደም ሲፈስ ፒቱታሪ ደም አጥታ ልትሞት ትችላለች፤ ሺሃን የሚባለው በሽታ ነው። ያን ጊዜ የሚጠፋው የታይሮይድ ጥሪ ብቻ አይደለም። የወተቱ፣ የወር አበባው፣ ሰውነትን በጭንቅ ጊዜ የሚያቆመው የኮርቲዞልም ጥሪ አብሮ ይጠፋል። ኮርቲዞሉ ሳይታወቅ ታይሮክሲን ቢጀመርላት ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችል ነበር።

በማግሥቱ ለኮርቲዞሉ ምርመራ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ መጡ። ክንዷን ስይዝ እጇ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል፤ ደም ሥሯን ለማግኘት በሙቅ ውሃ በተነከረ ፎጣ ማሸት ነበረብኝ። አማቷ ከጎኗ ቆመው ጋቢውን ትከሻዋ ላይ እያስተካከሉ «አይዞሽ» ይሏታል። ብልቃጡ ላይ ስሟንና ሰዓቱን ጻፍኩ፤ ሌሎቹን ናሙናዎች ሳልጠብቅ እሱን ብቻ ይዤ ወደ ማሽኑ ሄድኩ።